ለእንዝርቱ ቁልፍ ይበየድ

ሰውዬው የተጣመመ ነገር አይወድም። እንግድነት ሄዶ ሰላምታውን ሳይጨርስ የሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ያቃናል። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ የተቀመጠበት አግዳሚ ከተወላገደበት፣ ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር ሳይሸጉጥ ሐዘኑን መጀመር አይሆንለትም። ሥራው ብየዳ ነው። ውስጧ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ካልቆመች ዕረፍት የማትሰጠው መለኪያ ከኋላ ኪሱ ስለማትለይ ሰፈሩ «ውሃ ልክ» አለው፤ ዕድሜው ሲገፋ «ጋሽ ውሃ ልክ» ሆነ። የመዝገብ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም የምትጠራበት ስትቆጣ ብቻ ነው።

ብየዳ ቤቱ መንገዱ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። ሲገቡ በስተግራ ሁለት ምስማር አለ፤ በሁለቱ ምስማር ላይ ሁለት የብየዳ መከለያ ተሰቅሏል። አንዱ የእሱ ነው። ሁለተኛው የታናሽ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ መከለያውን ያጠለቀ ሰው የለም፤ አቧራው ግን በየሰኞው ይጠረጋል። ስለዚህ ጉዳይ በዚያ ቤት አይወራም።

ወንድሙ አንዲት ልጅ ትቷል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ ስለማይሸከሟት የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌቷን እስክትጨርስ ድረስ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ብየዳ ቤት ታመሻለች። እዚያ ሆና በሁሉም ነገር ላይ ትፈርዳለች። ይሄ በር ወፍራም ነው፣ ያ መስኮት እስር ቤት ይመስላል፣ የዚያ ሰውዬ አጥር ላይ ያለው አበባ ጎመን ነው። ደንበኛ ቆሞ እየሰማ ሳይቀር። ስለዚህ እሷም ስም ወጣላት፣ «ዳኛዋ»።

«ምናለ አፍሽን ብትይዢው፤ ደንበኛ ልታሳጪኝ እኮ ነው» ይላታል።

«ጎመን ካልሠራህ ደንበኛ አይጠፋህም።»

ነገሩ የተጀመረው የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ኢንጂነር ንድፍ ጠቅልሎ የመጣ ዕለት ነው። የሰፈሩ የልጆች መጫወቻ ሊታደስ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ ልጆችም አንድ ነገር ይጨመር ተብሏል። ኢንጂነሩ ገና ወጣት ነው። የብረት ብናኙ ጫማውን እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ገብቶ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና አራቱን ጫፍ በአራት ቡሎን አስያዘ። አንድ ልጅ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ የሚሳፈርበት ዥዋዥዌ ነው። ዙሪያውን የሽቦ አጥር አለው፤ አጥሩ በር አለው፤ በሩ ላይ ደግሞ «ለአካል ጉዳተኞች ብቻ» የሚል ሰሌዳ አለ።

ውሃ ልክ ሁለት ስሕተት ወዲያው አየ። ማንጠልጠያው ቀጭን ነው፤ መግቢያው ዘንበል ብሏል። ሦስተኛውን ያየችው ዳኛዋ ናት።

«ይሄ የዶሮ ቤት ነው?» አለች አንገቷን አስግጋ።

«ዥዋዥዌ ነው፣ የኔ እናት» አላት ኢንጂነሩ፣ ሰው ለታመመ በሚያወጣው ድምፅ። «ለእናንተ ነው።»

«እኛ እነማን ነን?»

ኢንጂነሩ ወደ ውሃ ልክ ዞረ። ውሃ ልክ ወደ ንድፉ አቀረቀረ።

«እና እኔ እዚህ ውስጥ ስወዛወዝ የክፍሌ ልጆች በሽቦው ያዩኛል። ኦቾሎኒስ ይወረውሩልኛል?»

ውሃ ልክ ሊስቅ ብሎ ተወው። ባለፈው ወር ለሐኪም ቀጠሮ ሊወስዳት ትምህርት ቤት ሄዶ በዕረፍት ሰዓት ያያት ትዝ አለው። ዛፍ ሥር ነበረች። ጭኗ ላይ የአምስት ልጆች ጃኬት ተቆልሏል፤ የወንበሯ እጀታ ላይ ሁለት ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ማዶ ይሯሯጣሉ። «ምን እየሠራሽ ነው?» ቢላት፣ «እየተጫወትን ነው፤ እኔ መስቀያ ነኝ» አለችው፣ የሥራ መደቧን እንደምትናገር ሁሉ። ይህን ለእናቷም ለሚስቱም አልተናገረም። ሌሊት ሌሊት ግን ጎኑን እንደ ጠጠር ይወጋው ነበር።

«ይሄን አልሠራም» አለ።

«ጋሼ፣ የጸደቀ ንድፍ እኮ ነው።»

«ያጸደቀው ሰው ተቀምጦበት ያውቃል?»

ኢንጂነሩ ደግ ልጅ ነው፤ ንድፉን ጠቅልሎ፣ «እንግዲያው የሚሠራውን አንተ አሳየኝ» አለ። ያቺ ቃል ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አሳጣችው።

ውሃ ልክ ወንበሯን ተዋሳት። እሷን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣና ግቢውን ሊዞር ተነሣ። ሦስት ክንድ ያህል ሳይሄድ ከፊት ያለችው ትንሿ ጎማ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ገባችና በአፍጢሙ ሊደፋው ምንም አልቀረው።

«ወደ ኋላ ሳብ፣ ከዚያ አዙር» አለችው። «አትታገለው፣ በሬ አይደለም።»

«ለምንድን ነው ይህን ስንጥቅ ነግረሽኝ የማታውቂው?»

«ስንት ስንጥቅ ልንገርህ?»

ብዙ ወረቀት ከተቀደደ በኋላ አንድ ነገር ወጣ። ከመሬት እኩል የሆነ ክብ መድረክ ነው፤ ከሥሩ ጉድጓድ፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ኩሽኔት፣ በኩሽኔቱ ላይ የሚሽከረከር ላሜራ። ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ማንም እርዳታ እየተንከባለለ ይገባል፤ ከጎኑ ስድስት ልጅ ይቀመጣል፤ የቀሩት ከውጭ እየሮጡ ያዞራሉ። በአንድ እግር ቆሞ ስለሚዞር ዳኛዋ «እንዝርት» አለችው። ስሙ ከተሰጠው በኋላ ደግሞ ፍርዱ ተጀመረ። ፍሬኑን በእግር እንዲረገጥ አድርጎ ነበር የሣለው።

«በእግር ከሆነ የሚያዝዙት እግር ያላቸው ናቸው» አለችው። ወደ እጅ ተቀየረ። ወንበሩን የሚያስረውን ቀበቶ ከኋላ አድርጎት ነበር፤ «ራሴ ካልፈታሁት ሻንጣ ነኝ» አለች። ወደ ፊት መጣ።

«ፍጥነቱስ?» ሲላት፣ «እስኪያጥወለውለኝ» አለች። እናቷ መቀሷን እንደያዘች ከደጅ ሆና፣ «አይሆንም» አለች፤ በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ ዳኛዋ ተረታች።

ጽሕፈት ቤት መመላለሱማ ምኑ ይነገራል። ሰባት ጊዜ ሄዷል። የክፍሉ ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳና ፊቷ ድካም የማይለየው ሴት ናት። ንድፉን ወደደችው። ችግሩ ቅጹ ላይ ነው፤ ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ አለው።

«የአካል ጉዳተኞች ነው ወይስ የመደበኛ ልጆች?» አለችው።

«የልጆች ነው።»

«እሱ ሳጥን የለም።»

ኢንጂነሩ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጎ ላከ፤ ቅጹ ተመለሰ። ሁለቱንም ባዶ ትቶ ላከ፤ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ እንዝርቱ በየትኛው እንደጸደቀ ቢጠየቅ፣ መዝገቡ ላይ ዛሬም ያለው «ክብ አግዳሚ ወንበር፣ ተንቀሳቃሽ» የሚል ነው። ውሃ ልክ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። የተጣመመ ነገር በወረቀትም ቢሆን አይወድም። ኢንጂነሩ ግን፣ «ጋሼ፣ ይሁንልህ ወይስ ትክክል ይሁንልህ?» አለው።

ሠራው። በመድረኩና በዙሪያው መሬት መካከል ያለው ክፍተት ስምንት ሚሊሜትር ነው፤ ትንሿ ጎማ አትገባበትም፣ የልጅ ጣት አይያዝበትም። ዙሪያውን በአሥራ ሁለት ቦታ ለክቶ አሥራ ሁለቱም ስምንት መሆኑን እስኪያይ ድረስ ውሃ አልጠጣም።

የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ። ልጆቹ ከገመድ ወዲያ ተደረጉና ዳኛዋ ብቻዋን ወጣች። አንድ ባለሥልጣን በሁለት ጣቱ አዞራት። ካሜራ ተነሣ፤ ተጨበጨበ። ውሃ ልክ ቢያጉረመርም፣ «ለዛሬ ብቻ ነው» ተባለ። እሷ ወደ ቤት ስትመለስ በመንገድ ላይ እንዲህ አለችው፦

«ሲያዞሩኝ አጨበጨቡ። ሰው ሲጫወት ይጨበጨብለታል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ፈተና ነበረባትና መጫወቻው ቦታ አልሄደችም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለብየዳ ቤቱ ነው። «መሣሪያው ከታለመለት ዓላማ ውጪ ጤነኛ ሕፃናት እየተጨናነቁበት በመሆኑ፣ በሰንሰለት የሚዘጋ የቁልፍ ማያያዣ እንዲበየድለት፣ አካል ጉዳተኛ ሲመጣ ብቻ በጥበቃ እንዲከፈት» ይላል። ማኅተም አለው። የፈረመበት ሰው የለም።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ዳኛዋ ሰማች።

«እንሂድና እንየው» አለች። ሁለት የክፍሏን ልጆች ጠራች፤ አንዷ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሌላዋ ዝምተኛ ናቸው። አራቱም ሄዱ።

እንዝርቱ በጊዜያዊ ሰንሰለት ከአንድ የብረት ምሰሶ ጋር ታስሯል። ጥበቃው ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ቁልፎቹን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ወንበሩን ሲያይ ቀልጠፍ ብሎ መጣና ቁልፉን ከፈተ።

«ልጅቷ ትግባ፤ ሁለቱ እዚያ ይጠብቁ።»

«አብረውኝ ናቸው» አለች ዳኛዋ።

«ሕግ ነው፣ ልጄ። ጤነኛ አይነካውም።»

«እሺ» አለች፣ አጎቷን ባስደነገጠ ትሕትና። ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ እጆቿን አጣጥፋ ቁጭ አለች። ቆየች። እንዝርቱም እንደ እሷው ተቀምጧል።

«ምነው?» አለ ጥበቃው።

«ማን ያዙረኝ?»

ሽማግሌው ግራና ቀኙን አየና ቁልፎቹን ወደ ካፖርቱ ውስጥ ወርውሮ ሊገፋ እጁን መያዣው ላይ አሳረፈ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ አካል ጉዳተኛ ነዎት?»

«እኔ? እሱ ያርቀው።»

«እንግዲያው አይንኩት። ሕግ ነው።»

ጥበቃው እጁን ከመያዣው አነሣ። ሁለቱ ልጆች አፋቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ጥበቃው ወደ ውሃ ልክ ዞረ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?»

«የወንድሜ።»

«ምላሷስ?»

«እሱም የወንድሜ ነው» አለ ውሃ ልክ።

ጥበቃው አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የሆዱን አጫወተው። «ጌታው፣ በኔ አትፍረድ። ይሄ ነገር ከቆመ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚህ ነው። ይጋፋል፣ ተራ አይጠብቅም። እኔ አንድ ሰው ነኝ። ደውዬ ሰው ጨምሩልኝ አልኩ። ሰንሰለት ላኩልኝ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ውሃ ልክ ሰንሰለቱን አየው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ዳኛዋ ቀበቶዋን ፈታች። አንድ ዙር ሳትዞር ተንከባልላ ወጣች።

«እንሂድ» አለች። «ከዚህስ መስቀያ መሆን ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ እነሱ አሉ። ሁለተኛ እዚህ አልመጣም።»

አጎቷ ያውቃታል። ቀልዷን ከመሐላዋ ይለያል። ይሄ መሐላ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ደብዳቤውን ዘረጋ።

«እበይዳለሁ» አላት። «ግን በያጅ የሚበይደው ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የበር ቁልፍ ሌባ እንዳይገባ ነው። የዚህስ?»

«አካል ጉዳተኞቹን ለመጠበቅ ነዋ።»

«ከምን?»

«ከ…» አለችና መነጽሯን ፈለገች። «ከልጆች ግፊያ።»

«እነሱስ ምንድን ናቸው?»

መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነበር። አገኘችው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይናደዳሉ፤ ተናድደው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። አንድ ሕፃን እዚያ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። አልገባዎትም።»

«ገብቶኛል። ስለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት።»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እጅ ጽሕፈቱ እንደ ሥራው ቀጥ ያለ ነው። «ይህ ቁልፍ የተበየደው አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ነው። ያዘዘው ሰው ስም… ፊርማ…» ይላል።

«ይህን በላሜራ ላይ ቀርጬ ከቁልፉ ጋር እበይደዋለሁ» አለ። «አንድ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።»

«እንዲህማ አይጻፍም።»

«ውሸት አለበት? የቱ ጋ ነው? አስተካክለዋለሁ።»

ኃላፊዋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ብዕሯን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «እስቲ ሕግ ክፍል ይየው» አለች። ሕግ ክፍል አየውና «የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው» አለ። ጥገና ክፍል «ያላዘዝኩትን አልፈርምም» አለ። ንብረት ክፍል ለማየትም ፈቃደኛ አልሆነም። ውሃ ልክ ኮሪደሩ ላይ ባለች አንድ እግሯ ባጠረ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ካርቶን እንኳ አጥቶ፣ እየተወዛወዘ ጠበቀ። ከቀትር በኋላ ወረቀቱ ተመለሰ። ፊርማ የለውም። የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ግን አለው።

«ደብዳቤው ለጊዜው ይቆይ» አለች ኃላፊዋ።

«ሰንሰለቱስ?»

«ሰንሰለቱን ማን አሰረው?»

«ደብዳቤው።»

«ደብዳቤው ይቆይ አልኩዎት እኮ» አለችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከንፈሯ ጥግ የፈገግታ ጫፍ ታየ። ቀጥላ ስልኩን አንሥታ፣ «ለዚያ ለሽማግሌው ቅዳሜና እሑድ አንድ ሰው ይጨመርለት» ስትል ሰማት። ቅዳሜና እሑድ ብቻ። በሌላው ቀን ልጆች የሚጋፉ አይመስላቸውም መሰል። ውሃ ልክ ይህንም ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በሩ ላይ የቆመው ኢንጂነር በዓይኑ «ውጣ» አለው። ወጣ።

ቅዳሜ ጧት ዳኛዋ ግን አልሄድም አለች።

«ሰንሰለቱ ተነሥቷል» አላት።

«ነገ ይመለሳል።»

«ከነገ በፊት ዛሬ አለ።»

«ጨብጫቢዎቹስ?»

«የሉም። ልጆች ብቻ ናቸው።»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ካልወደድሽው ተመለሺ። ማንም አላሰረሽም» አለቻት። ይህ ከአጎቷ ልመና ይልቅ ሠራ።

ሲደርሱ ጫጫታው ከመንገድ ይሰማል። እንዝርቱ ስድስት ልጅ ጭኖ ይዞራል፤ አራት ይገፋሉ። አዲሱ ረዳት ጥበቃ ፊሽካ እየነፋ ያሰለፋቸው ልጆች ደግሞ እስከ አጥሩ ደርሰዋል። ዳኛዋ ሰልፉን ያላየች መስላ ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ ነዳች። ያቺ ጥርሷ የወለቀ ጓደኛዋ ከሰልፉ መሃል ወጥታ መንገዷ ላይ ቆመች።

«ተራ አለ» አለቻት።

«እኔ እኮ ነኝ።»

«አይቼሻለሁ። ከኋላ።»

ዳኛዋ አንገቷን አዙራ አጎቷን ፈለገች። «ንገራት እንጂ። አንተ ነህ የሠራኸው፣ በላት።»

ሽማግሌው ጥበቃ ፈጥኖ ደረሰ። «ለሷማ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ልጆች፣ ገለል በሉላት…»

ውሃ ልክ የካፖርቱን እጅጌ ያዘው። ሰልፉን ቆጠረ። አሥራ አንደኛ ትሆናለች።

«ተራሽን ጠብቂ» አላት።

ጎረቤት እንደከዳው ሰው አየችው። ከዚያ ወንበሯን አዙራ እያጉረመረመች ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከፊቷ ካለው ልጅ ጋር ጠብ ገጥማ ነበር፤ የተሳፈሩት ልጆች ከሚገባቸው በላይ ዞረዋል ነው ነገሩ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሃያ ዙር ይበቃል ብላ ፈረደች። ሰልፉ ተቀብሏት አብሮ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ።

ተራዋ ሲደርስ ገባች፤ ጥርሰ ወላቋ ከጎኗ ተቀመጠች፤ የቀሩት ገፉ። እናቷ አይሆንም ያለችው ፍጥነት ላይ ደረሰ፤ ውሃ ልክ ከአግዳሚው ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። ልጅቷ ፊቷ ነጥቷል፤ አፏ ግን አልተዘጋም። ሰልፉ «ሃያ» አለ። እንዝርቱ አልቆመም።

«ሃያ ሞልቷል» ብለው ጮኹባት።

«አሥራ አራትን ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋል» የሚል ድምፅ ከሽክርክሪቱ ውስጥ ወጣ።

«አጭበርባሪ። ውረጂ።»

«ገና አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«ላስወርዳት?» አለ ሽማግሌው ጥበቃ በጭንቀት።

«ወዳጄ፣ እኔን አትጠይቀኝ፤ ለፍርድ የተመቸች ልጅ አይደለችም» አለ ውሃ ልክ በምሬት፤ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ።

ሰልፉ ጮኸባት፣ ሰደባት፣ ወንበሯን ይዞ ሊያወጣት ዛተባት። ከመካከላቸው አንድም አንጀቱ የራራላት ልጅ አልነበረም።